ጋሽ ንጋቱ ይፈታ ያሉት ስፌት

ባለፈው ግንቦት የልጄ የሜላት ክፍል የአውሮፕላን ሙዚየም ሊጎበኝ ሲነሳ፣ ልጆቹን የሚጠብቅ ወላጅ ተፈለገና እኔ ተገኘሁ። እናቷ ስራ ነበረባት፤ እኔ ደግሞ ያን ቀን እረፍት ስለነበርኩ ማምለጫ አጣሁ። ማምለጫ ያልኩት ልጆቹን ጠልቼ አይደለም። የምሸሸው ሙዚየሙን ነው። መኪና እየነዳሁ በአጠገቡ ሳልፍ እንኳን አንገቴን ወደ ሌላ አዙሬ ነው የማልፈው፤ ይህን ማድረግ ከጀመርኩ አስራ አራት ዓመት አልፎኛል።

ልጆቹ እንደገቡ ወደ ጄቶቹ ተበተኑ። ሜላት ግን እንደ እናቷ ናት፤ የተለጠፈ ጽሁፍ ካየች ሳታነብ አታልፍም። አዳራሹ ጥግ ላይ፣ ከጣሪያው በሽቦ የተንጠለጠለ፣ ክንፎቹ ላይና ታች የተደረቡ፣ ሶስት ሞተር ያለው አሮጌ አውሮፕላን አለ። እሱ ስር ቆማ ታነባለች። እኔ ፈንጠር ብዬ ስልኬን የማይ መሰልኩ።

«ዳዲ! ዩር ኔም ኢዝ ሂር!»

መምህርቷ መጣች፤ አነበበች፤ የተበተኑትን ልጆች ሰበሰበች። ይህን አውሮፕላን ካደሱት ሰዎች አንዱ የሜላት አባት ነው ብላ ነገረቻቸው። አጨበጨቡልኝ። እኔም እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ጎንበስ አልኩ፤ ምን ላድርግ?

ጽሁፉ የበጎ ፈቃደኞቹን ስም በተርታ ይዘረዝራል። የኔ ከታች ሁለተኛው ነው። እኔ የፈለግሁት ሌላ ስም ነበር። ከላይ እስከ ታች አነበብኩ፤ ከታች ወደ ላይ ደገምኩ። የለም። እንደማይኖር ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ከዚያ ለመምህርቷ መጣሁ ብዬ መታጠቢያ ቤት ገባሁና ፊቴን በቀዝቃዛ ውሃ ታጠብኩ።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። በዲቪ ከመጣሁ ሁለት ዓመት አልሞላኝም። ሬኒየር ቢች የሚባል ሰፈር ከሁለት ጓደኞቼ ጋር አንድ አፓርታማ ተጋርቼ እኖራለሁ፤ በስራ ቀናት ኮሌጅ የአውሮፕላን ጥገና እማራለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የሙዚየሙ የእድሳት ስራ የሚካሄድበትን ሃንጋር እጠርጋለሁ። መጥረግ ስል መጥረግ ብቻ ነው። እኔ ግን በብሎኑና በእንጨት ፍቅፋቂው መሃል መጥረጊያ ይዤ ስዞር ራሴን እንደ መሃንዲስ ነበር የማየው። የጽዳት ቱታዬን እየተኮስኩ የምለብስ ሰው ነበርኩ።

የሃንጋሩ አለቃ ዎልተር ነበር። ሰማንያ ሊሞላው የተቃረበን ሰው «ነበሩ» ሳልል «ነበር» ማለቴ ይቅር ይባልልኝ፤ እሱ ራሱ በስሜ ካልጠራኸኝ ባይ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ አውሮፕላን ሲሰራ ኖሮ ጡረታ ከወጣ በኋላ፣ እንደሱው ጡረታ ከወጡ ጓደኞቹ ጋር ያቺን አሮጌ አውሮፕላን ሊያድሳት ተነስቷል። ሁሉም «እሷ» እያሉ ነበር የሚጠሯት።

ከሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መሃል በነበሩት ዓመታት የተሰራች የመንገደኛ አውሮፕላን ናት። ከሸምበቆ የተጎነጎኑ አስራ ሁለት ወንበሮች፣ በየመስኮቱም መጋረጃ ነበራት። ያልነበራት ጉልበት ነው። ሰው ከሞላባት ሻንጣ መጫን አትችልም፤ ስለዚህ የመንገደኛው ሻንጣ በባቡር ይላክ ነበር። ዎልተር እንደሚለው ብዙ ጊዜ ሻንጣው ቀድሞ ይደርሳል። ተራሮቹ ጋ ደርሳ መውጣት ሲያቅታት ተሳፋሪዋን እንደያዘች ዞራ የተመለሰችበት ቀንም አለ። አንዲት ብቻ ተሰራች፤ እህት አልተሰራላትም። በመጨረሻ አንድ ገበሬ ገዝቶ ጎተራው ውስጥ አስገባት፤ ሲያገኟት ወንበሮቹ ላይ ዶሮ ተኝቶባቸው ነበር።

«ክብደቷ እንደበዛ ፋብሪካው ውስጥ የማያውቅ አልነበረም» ይል ነበር ዎልተር፣ በለውዝ ቅቤ የተለቀለቀ ዳቦውን እየገመጠ። «ባለቤቱ ግን በጣም ይወዳታል። ማን ደፍሮ ይንገረው?»

ይህን ሲያወራ ይስቃል። እኔም መጥረጊያዬን ተደግፌ አብሬው እስቅ ነበር።

ጋሽ ንጋቱ ከኛ አንድ ፎቅ ዝቅ ብለው የሚኖሩ ጎረቤቴ ነበሩ። ሰባ ሊሆናቸው ነው። ልጃቸው ሰብለ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ደብል ፈረቃ እየሰራች ነው ያስመጣቻቸው፤ እሷ ስራ ስትሆን እሳቸው መስኮት አጠገብ ተቀምጠው ይውላሉ። ዝናቡ እዚህ ከተማ አይጥልም፣ አያባራም፤ ሲያካፋ ይከርማል። አንድ ቅዳሜ ከስራ ስመለስ ደረጃው ላይ ተገናኘንና ጎንበስ ብዬ ሰላም ስላቸው አፍንጫቸውን ወደ ትከሻዬ አስጠጉ።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ ዶፕ ነው! የት አገኘኸው?»

ዶፕ አውሮፕላን በጨርቅ ሲለበስ ጨርቁ ላይ የሚቀባ፣ ሲደርቅ ጨርቁን እንደ ከበሮ ቆዳ የሚወጥር ቫርኒሽ ነው። የጥፍር ቀለም ዓይነት ሽታ አለው። እኔ ሽታው ከልብሴ አልለቅ ብሎ ተማርሬ ነበር፤ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ሳቡት። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ አውሮፕላን ጥገና ውስጥ ሲሰሩ፣ ዳኮታ የሚባለውን አውሮፕላን ጭራ በጨርቅ የሚያለብሱት እሳቸው ነበሩ። ሃያ ሶስት ዓመት ሰፍተዋል። ይህን ሁሉ እዚያው ደረጃ ላይ ቆመን ነገሩኝ፤ የያዝኩት የገበያ ፌስታል እጄን እስኪቆርጠኝ ድረስ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አብረውኝ መጡ። ክራቫት አስረዋል። ዎልተር እጁን ዘርግቶ እንኳን ደህና መጡ ምናምን ማለት ሲጀምር እኔ መሃል ገባሁ። እሱ ያለውን ለሳቸው፣ እሳቸው ያሉትን ለሱ መተርጎም ያዝኩ። በእንግሊዝኛዬ እኮራ ነበር፤ እንደ ቱታዬ የተተኮሰ ይመስለኛል። ጋሽ ንጋቱ አንዴ እሱን አንዴ እኔን አዩና ፈገግ አሉ። «በል እንግዲህ አንተ ተናገርልኝ» አሉ።

ዎልተር ለፈተና ይመስላል ሰም የተቀባ ክርና አንድ ክንድ የሚያህል መርፌ ሰጣቸው። እሳቸው እኔን እያዩ፣ ስለ ሰብለ እያወሩኝ፣ ወደ እጃቸው ሳይመለከቱ ቋጠሮውን ቋጠሩት። ዎልተር ቢጎትተው ወይ ፍንክች። ያኔውኑ የጭራውን መሪ፣ አውሮፕላኗን ግራና ቀኝ የሚያዞረውን ክፍል፣ ለሳቸው ሰጣቸው።

መሪውን በአምስት ቅዳሜ ለብጠው ጨረሱ። እነዚያ ቅዳሜዎች በህይወቴ ካሉት ጥሩ ቀኖች ውስጥ ናቸው፤ ይህን የምለው የመጣውን ለማሳመር አይደለም። ጠዋት አሮጌዋን ኮሮላዬን አስነስቼ በር ላይ እጠብቃቸዋለሁ። ከፊት አጠገቤ ይቀመጣሉ፤ የቆሎ ቆርቆሯቸውን ጉልበታቸው ላይ ያኖራሉ፤ ለከተማው አዲስ ባቡር ሃዲድ በተቆፈረው መንገድ እየተንገጫገጭን እንሄዳለን። የድሮ አለቆቻቸውን አረማመድ እየነገሩኝ ያስቁኛል። ሃንጋር ስንደርስ ቆሎው በወረቀት ኩባያ ለሽማግሌዎቹ ይታደላል፤ ሁለተኛው ቅዳሜ ላይ ለቆሎው ሰልፍ ነበር። አውሮፕላኗን «ምስኪኗ» ነበር የሚሏት። «ምስኪኗ፣ ዛሬ ጭራሽን እናለብስሻለን» ይሏታል። ሰብለ አንድ ቀን ደረጃ ላይ አስቁማኝ «እሸቱ፣ አባዬ እንቅልፍ ይዞት ማደር ጀመረ» አለችኝ። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር።

ያኔ ደግሞ እኔ አንድ ጉዳይ ነበረኝ። ቤልቪው አካባቢ ያለ የአውሮፕላን እቃ መጠገኛ ለተማሪ ስራ አውጥቶ ነበር፤ የሚያውቅህ ሰው የድጋፍ ደብዳቤ ይጻፍልህ ይላል። ዎልተር በሙያው የተከበረ ሰው ነው። ጋሽ ንጋቱ አጠገባችን እየሰፉ ሳለ «እጽፍልሃለሁ» ብሎኛል። መጥረጊያውን የምጥለው በዚያ ደብዳቤ ነው ብዬ ቀን ከሌሊት ደብዳቤውን ነበር የማልመው።

መሪው ካለቀ በኋላ በመጣው የታህሳስ ቅዳሜ፣ ዎልተር ጋሽ ንጋቱን እጃቸውን ይዞ ወደ ግራው የታችኛው ክንፍ ወሰዳቸው። ክንፉን ራሱ ነበር የሰፋው። ሚስቱ ታማ በነበረችበት ክረምት፣ ቤት ሲጨንቀው እየመጣ፣ ብቻውን የሰፋው ነው። ጨርቁ ዶፕ ገና አልተቀባም። እዩልኝ አላቸው።

ጋሽ ንጋቱ መነጽራቸውን አደረጉ። ከሞተሩ ኋላ ካለው ክፍል ጀምረው በአውራ ጣታቸው ጨርቁን ጫን፣ ጫን እያደረጉ ሄዱ። ከአንዱ ስፌት እስከ ሌላው በጣታቸው ለኩ። አንዱን ቋጠሮ በጥፍራቸው ነካ አደረጉት። ከዚያ ወደኔ ዞሩ።

«እሸቱ፣ እዚህ ፕሮፔለሩ ኋላ ንፋሱ ይበረታል። ስፌቱ መቀራረብ ነበረበት፤ ተራርቋል። ቋጠሮውም ይንሸራተታል። ይሄ ስፌት ይፈታ። ሞተር ከተነሳ አይችለውም። በለው። ግን ደህና አድርገህ በለው፤ ሽማግሌ ነው።»

ዎልተር ኮፍያውን አውልቆ እንደ ተማሪ ቆሟል። ፊቱን አየሁት።

እኛ ሰው ደክሞበት የሰራውን ፊት ለፊት «አፍርሰው» ማለት ይከብደናል፤ ይሉኝታ ይይዘናል። ለብዙ ዓመት ለራሴ የነገርኩት ይህን ነው፤ ለዎልተር አዝኜለት ነው፣ የሚስቱን ነገር አስቤ ነው። ውሸት ነው። ያየሁት ደብዳቤውን ነው። ክፉ ነገር ከኔ አፍ ከሰማ እጁ ለኔ አይጽፍም ብዬ ፈራሁ።

«በጣም ቆንጆ ስራ ነው ይላሉ» አልኩት በዚያ በተተኮሰ እንግሊዝኛዬ። «ሁሉም ደህና ነው ይላሉ።»

ዎልተር የጋሽ ንጋቱን እጅ በሁለት እጁ ጨበጠ። ከዚያ የስራ መዝገቡን አውጥቶ «የግራ ታች ክንፍ ስፌት፣ አቶ ንጋቱ አይተውት ደህና ነው ብለዋል» ብሎ ጻፈ። ጋሽ ንጋቱ ጽፎ እስኪጨርስ ድረስ ብዕሩን ያዩ ነበር። ከዚያ እኔን አዩኝ። እኔ መጥረጊያዬን ፍለጋ ሄድኩ።

ወደ ቤት ስንመለስ መብራት ይዞን ስንቆም፣

«ያልኩህን ነገርከው?» አሉኝ።

«ነግሬዋለሁ ጋሼ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም። ኦኬ፣ አስብበታለሁ ነው ያለው።»

«ጥሩ» አሉና ቆርቆሯቸውን ከፈቱ። «እንግዲህ ሙዚየም ተሰቅላ የምትኖር ናት። ማንም አይሳፈርባትም።» ቆሎ ዘገኑልኝ። ተቀበልኳቸው፤ በላሁም።

ከዚያ ዶፑ ተቀባ፤ ክንፉ ተወጠረ፤ ቀለም ተቀብቶ አማረ። የጋሽ ንጋቱ ድርሻ ስላለቀና ጉልበታቸውን ስላመማቸው መምጣት አቆሙ። በጸደይ ዎልተር አንድ ቀን ሁላችንንም ሰብስቦ፣ በምርቃቱ ቀን የግራውን ሞተር በሰዉ ፊት አስነሳዋለሁ አለ። ሽማግሌዎቹ አጨበጨቡ።  ከዚያ ቀን እስከ ምርቃቱ ሰባት ቅዳሜ ነበር። በእያንዳንዱ ዛሬ እነግረዋለሁ እያልኩ እገባለሁ፤ ጠርጌ እወጣለሁ። አምስት ደቂቃ ቢሰራ ነው እል ነበር። ጋሽ ንጋቱ ሲያበዙት ነው፤ ሽማግሌ ጥንቁቅ ነው እል ነበር። ደብዳቤው ከምርቃቱ በኋላ ይጻፋል ተብሏል።

ሞተሩ እንደሚነሳ ለጋሽ ንጋቱም አልነገርኳቸውም። ለምርቃቱ ተጠርተዋል፣ መጥቼ እወስድዎታለሁ ብቻ አልኳቸው።

ሐምሌ ነበር። እዚህ ሐምሌ ሰማዩ ይጸዳል፤ በደቡብ በኩል ያለው ትልቅ ተራራ በረዶውን እንደለበሰ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሰብለ ፈረቃዋን የሚቀይራት አጥታ ስራ ገባች፤ ከመግባቷ በፊት ግን ሙሉ ልብሳቸውን ተኩሳ፣ ባርኔጣቸውን ቦርሻ ነበር። «አባዬን ፎቶ አንሳልኝ እሺ፣ ጭራው አጠገብ» ብላኛለች። ገንዘብ የረዱት ሰዎች፣ ቤተሰቦች፣ ጋዜጠኛም መጥተዋል። ጋሽ ንጋቱ ፊት መስመር ላይ ወንበር ተሰጥቷቸዋል። ኬክ እየበላን ሳለ ሁለት ሰዎች ወደ ግራው ፕሮፔለር ሄደው ሲይዙት አየሁ።

ጋሽ ንጋቱ የኬኩን ሳህን መሬት አስቀመጡ።

«እሸቱ፣ ሊያስነሱት ነው እንዴ?»

«አዎ ጋሼ።»

«ስፌቱን ፈታው?»

ወደ ፕሮፔለሩ ዞሬ አየሁ።

«አስቁመው» አሉኝ። ከዚያ ጮክ ብለው፣ «ሂድ! አስቁመው!»

እግሬ አልተንቀሳቀሰም። ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ፤ ሃያ እርምጃ ነበር። ሃያ እርምጃ ሄጄ አንድ ቃል ብናገር ያበቃ ነበር። ግን ያን ቃል ከተናገርኩ በታህሳስ ያልኩት ምን ነበር ይሉኛል። ጋሽ ንጋቱ ራሳቸው ተነሱ። በሚያማቸው ጉልበት ሰዉን ወደሚያግደው ገመድ እየተራመዱ እጃቸውን አነሱ፤ አፋቸው ሲከፈት አየሁ። ሞተሩ ተነሳና ድምጻቸውን ዋጠው።

ለጥቂት ጊዜ ምንም አልሆነም። ሰዉ አጨበጨበ። ከዚያ ከፕሮፔለሩ ኋላ ያለው ጨርቅ እንደ እንጀራ ዓይን እዚህም እዚያም ጉብ ጉብ አለ፤ ቀጥሎ ሙሉ በሙሉ ተነፋና ከዳር እስከ ዳር ተተረተረ። ብጥስጣሹ በንፋሱ እየተገረፈ ወደ ሰዉ ይዘረጋል። ሞተሩ ሲጠፋ የአንዲት ህጻን ልቅሶ ብቻ ነበር የሚሰማው። የተጎዳ ሰው የለም። ዎልተር የክንፉ እንጨት አጽሙ ወጥቶ እያየ ቆሞ ቀረ። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ያረጀ ሰው አይቼ የማውቀው ያን ቀን ነው።

ከዚያ እየተራመደ ወደኛ መጣ። ሌሎቹም ተከተሉት።

«እሸቱ፣ እሳቸው አይተውታል። ደህና ነው ብለዋል ብለህ ነግረኸኛል። እንዲህ አይደለም?»

ሁሉም እኔን ያያል።  እና ጋሽ ንጋቱ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ እኔ ልተረጉም አፌን ሳልከፍት፣ ቀስ ባለ፣ ንጹህ በሆነ እንግሊዝኛ ተናገሩ።

«እኔ ነኝ ያየሁት። ደህና ነው ያልኩትም እኔ ነኝ። ዓይኔ አርጅቷል። ልጁ እኔ ያልኩትን ነው የነገረህ። ይቅርታ አድርግልኝ።»

ከኔ እንግሊዝኛ የተሻለ ነበር። በጣም የተሻለ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እያንዳንዷን ቃሌን እንደሰሙ፣ ያን ቀን ክንፉ ስር «ሁሉም ደህና ነው ይላሉ» ስል እንደሰሙ፣ መኪና ውስጥ «ሁሉንም?» ብለው የጠየቁኝ መውጫ በር ሲከፍቱልኝ እንደነበር ያኔ ገባኝ። ያኔም ቢሆን ጊዜው አላለፈም ነበር። «አይደለም፣ እኔ ነኝ» ማለት ነበረብኝ።

አላልኩም።

ዎልተር ደግ ሰው ነው። ትከሻቸውን ነካ አድርጎ «ይሁን፣ ችግር የለም» አላቸው። ከኋላው ግን አንዱ ሽማግሌ፣ ያ ለቆሎ ቀድሞ ይሰለፍ የነበረው፣ ድሮም ለማያውቁት ሰው መስጠት አልነበረብንም ሲል ሰማሁ። ጋሽ ንጋቱም ሰምተዋል።

ወደ መኪናው ሄድን። እንደ ልማዴ የፊተኛውን በር ከፈትኩላቸው። እሳቸው አልፈውኝ የኋላውን በር ራሳቸው ከፍተው ገቡ። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ታክሲ እንደተሳፈረ ሰው ቀጥ ብለው ተቀመጡ።

ግማሽ መንገድ ላይ፣ መስታወቱን ሳላይ፣ «ጋሼ፣ እንግሊዝኛ እንደሚችሉ አላውቅም ነበር» አልኩ። 

«አሜሪካኖቹ ሙያውን ሲያስተምሩን አስተርጓሚ አልነበረንም» አሉ። «አንተ ስትናገር ደስ ብሎህ ነበር። ደስታህን ልቀማህ አልፈለግሁም።»

«ለምን እንዲህ አሏቸው ታዲያ?»

«ደብዳቤ ትፈልግ የለም እንዴ?» አሉኝ። በቁጣ አልነበረም። በቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ማታውን ሰብለ ከስራ ስትመለስ ደረጃው ላይ ድምጿን ሰማሁ። «እንዴት ነበር አባዬ?» ትላለች። «ጥሩ ነበር» አሏት። «ዓይኔ ግን ደክሟል። መርፌዎቹን አንድ ቦታ አስቀምጪልኝ።»

ደብዳቤው በሳምንቱ መጣ። ውስጡ ታማኝ ነው የሚል ቃል ነበረበት። ስራውን አገኘሁ፤ ቤልቪው ገባሁ፤ ፈተናዬን አለፍኩ፤ ዛሬ የሌሎችን ስራ አይቼ ደህና ነው ብዬ የምፈርም እኔ ነኝ። ጋሽ ንጋቱን ቤተክርስቲያን በር ላይ አገኛቸው ነበር። «እንደምን ነዎት?» ይሉኝ ጀመር፤ አያቴ ሊሆኑ የሚችሉ ሰው እኔን አንቱ ይሉኛል። ሲሞቱ ለቅሶ ቤት ሶስት ቀን ወንበር ተሸከምኩ፤ ሳህን አጠብኩ። ሰብለ «እግዜር ይስጥህ፣ አባዬን አንተ ነህ ያጫወትከው» እያለች አለቀሰችብኝ። ያን ጊዜም አልተናገርኩም። ዎልተር ከሳቸው ቀድሞ ሞቷል።

እና ባለፈው ግንቦት ልጆቹ ሲያጨበጭቡልኝ ቀና ብዬ ጭራውን አየሁት። ክንፉ በሌላ ሰው እጅ እንደገና ተሰፍቷል። መሪው ግን አልተነካም። በመሪው ጎን ቁልቁል የወረደው የጋሽ ንጋቱ ስፌት፣ ዶፑና ቀለሙ ስር ሆኖ፣ እኩል እኩል ሆኖ ይታያል። ሜላት ማታ እራት ላይ ለምን ፊቴ እንደተቀየረ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ሹካዋን አስቀምጣ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«ዲድ ዩ ሰይ ሶሪ?»

«አላልኩም።»

 ሳህኗን አንስታ ሄደች።

ሌሊቱን ለሙዚየሙ ጻፍኩ። አቶ ንጋቱ ክንፉን አይተው ያሉት ምን እንደነበር፣ እኔ ያልኩት ምን እንደነበር። እጄ በየመስመሩ ማለዘቢያ ቃል ይፈልግ ነበር፤ «ምናልባት» ጽፌ አጠፋሁ፤ «በወጣትነቴ» ጽፌ አጠፋሁ። ስማቸው እንዲጻፍ፣ የኔ እንዲነሳ ለምኜ ላክሁት። ግን ሙዚየሙ አይደለም የተበደለው። ለሰብለ ደውዬ፣ የሰጠሽኝን የፎቶ አደራ፣ የአባትሽን ስራ ላሳይሽ አልኳት። ደስ አላት።

ቅዳሜ ማውንት ቤከር ሰፈር ካለው ቤቷ ወሰድኳት፤ አጠገቤ ተቀምጣ ስለ ልጆቿ እያወራችኝ ሄድን። ጭራው ስር ለረጅም ጊዜ ቆመች፤ ፎቶ አነሳችው። ፓርክ ወዳደረግሁበት ስንመለስ፣ መኪናው አጠገብ ቆሜ፣ ሁሉንም ነገርኳት። የአባትሽ ዓይን ደክሞ አያውቅም ነበር፣ አልኳት። ዓይናቸው ደህና ነበር።

መኪኖቹን እያየች ሰማችኝ። ስጨርስ፣

«ቃሉን ንገረኝ» አለች። «አባዬ ያለውን፣ ራሱን ቃል።»

«ይሄ ስፌት ይፈታ፤ ሞተር ከተነሳ አይችለውም፤ በለው፤ ግን ደህና አድርገህ በለው፤ ሽማግሌ ነው፤ ነው ያሉት።»

«አባዬን ነው» አለች ቀስ ብላ፣ «ልክ እሱን ነው።» በመዳፏ ጉንጯን ጠረገች።

ሰው ካመነ ይቀለዋል ሲባል እሰማ ነበር። እኔን አልቀለለኝም፤ እንዲቀለኝ መፈለጌም አሳፈረኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ አልኳት።  የፊተኛውን በር ከፈትኩላት። ለጥቂት ጊዜ የተከፈተውን በር አየችው፤ ከዚያ አልፋኝ የኋላውን በር ከፍታ ገባችና ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

አባቷ ያን ቀን የት እንደተቀመጡ አልነገርኳትም ነበር። የፊቱን በር ዘጋሁና መኪናውን አስነሳሁ።